የቡሬ ሁለት ቀኖች

እታለም ቀን ስትቆጥር ማንም አይናገራትም። ታላቅ እህቴ ናት፤ ወተት ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። እኔ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ዘልዬ፣ የታክሲ መሪ ጨብጬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ እንኳ እሷ "አንተ!" ካለችኝ ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። በሰፈሩ ላም ያለው ሰው ሁሉ፣ ላሙን ያዳቀለ ዕለት መጥቶ በራችን ላይ ይቆማል። "እመቤቴ፣ መቼ ትወልድልኛለች?" ይላል። እሷ እጇን ከባልዲው ሳታወጣ ከንፈሯን ትንሽ ታነቃንቃለች፤ ዘጠኝ ወር ትሄዳለች፣ አስር ቀን ትጨምራለች፣ "ሐሙስ ነው የሚውለው፤ የዚያን ሳምንት ከቤትህ ንቅንቅ እንዳትል" ትለዋለች። አንዱ ጉደኛማ ሚስቱን ሊያስቆጥራት መጥቶ ነበር። "የሷን ሐኪም ጠይቅ፤ እኔ የማውቀው ሣር የምትበላውን ነው" ብላ አባረረችው።

ታዲያ ለሰው ሁሉ አንድ ቀን የምትሰጥ ሴትዮ ለገዛ ላሟ ሁለት ቀን ያዘች። ጉድ እኮ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሬን፣ ያቺን ጥቁርና ነጭ ላሟን፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል አዳቃዩ፣ ያ የኮርማ ዘር በመሣሪያ የሚሰጠው ባለሙያ፣ መጥቶ አዳቀለላት። ላም ካልያዘላት በየሦስት ሳምንቱ ኮርማ ትፈልጋለች። ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ቡሬ ጭጭ። እሰየው አልን። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ግን አንድ ጠዋት እየጮኸች፣ ገመዷን እየጎተተች በረቱን አመሰችው። እታለም አዳቃዩን ጥራልኝ ብላ ላከችኝ። ሰውዬው መጥቶ ፈራ ተባ አለ።

"እናቴ፣ አንዳንዷ እኮ እርጉዝ ሆናም እንዲህ ያደርጋታል። ይዛ ከሆነ ላስወርዳት እችላለሁ።"

እታለም ሳቀችበት። "አርባ ዓመት ላም ሳረባ፣ በሆዷ ይዛ ኮርማ የምትፈልግ ላም አላየሁም። አልያዘችም ብዬሃለሁ፤ አንተ ሥራህን ሥራ!"

ሠራ። ቡሬም ከዚያ በኋላ አልጮኸችም። ወራት አልፈው የከብት ሐኪሟ መጥታ በእጇ ዳሰሰቻትና "ይዛለች፤ ከየትኛው ጊዜ እንደሆነ ግን አሁን መለየት አልችልም" አለች። እናም ሁለት ቀን ተቆጠረ። አንዱ ከመጀመሪያው የተነሳ፣ ሌላው ከእሱ ወር ተኩል ያህል የሚዘገይ። እታለም የመጀመሪያውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። የሷ ቀን ሁለተኛው ነው፤ አለቀ።

የእህቴ ልጅ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ፎቅ ላይ ይኖራል። እናቱን ይወዳታል፤ መውደዱን የሚያሳየው ግን በጭቅጭቅ ነው። ዐምና እታለም በረት ውስጥ አዳልጧት ወድቃ፣ ዳሌዋን አሟት መነሳት አቅቷት፣ እበት ላይ እንደተኛች ግማሽ ቀን ስትጣራ ሰሚ አላገኘችም። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ልጁ እንቅልፍ የለውም። በመጣ ቁጥር "እማዬ፣ ላሟን ሽጪና ወደኔ ነይ" ነው። እሷ ደግሞ "ፎቅ ላይ ምን ልሠራ? እርግብ ላረባ?" ትለዋለች። በመጨረሻ እኔን ምስክር አድርገው ተዋዋሉ። ቡሬ በሰላም ከወለደች ስለ ፎቁ ሁለተኛ አያነሳም። ላሟ ወይ ጥጃው ከሞተ ግን በረቱ ይዘጋል፤ እታለም ዕቃዋን ጠቅልላ ትሄዳለች። እሺ አለች፣ ያውም እየሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያቺ ሴት ከበረቱ ከወጣች ምን ልትሆን ነው?

የመጀመሪያው ቀን ደረሰ። ቡሬ ድርቆሿን እያመነዠከች ታየናለች። አለፈ። ሳምንት አለፈ። መውለጃዋ ስለቀረበ ሐኪሟ ጨቅጭቃ እታለምን ማለቡን ካስተወቻት ሰንብቷል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጠርሙስና ጆግ ይዞ የሚሰለፈው ሰው የለም፣ ግቢው ጭር ብሏል። ልጁ በየቀኑ ይደውልልኛል።

"አጎቴ፣ ወለደች?"

"አልወለደችም።"

"ይኸው! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!"

"አፍህን ዝጋ አንተ! ስልኩንም ዝጋው!"

እውነቱን ለመናገር እኔም መጠራጠር ጀምሬያለሁ። በአስረኛው ቀን እታለምን ሳላማክር ሐኪሟን በታክሲዬ ጭኜ አመጣኋት። ልጅ እግር ናት፤ ቦቲዋ ከቁመቷ ይበልጣል። እታለም በዓይኗ ገላመጠችኝ፤ ለሐኪሟ ግን ሙቅ ውሃና ሳሙና አቀረበችላት። ልጅቷ ረጅሙን ጓንት አጥልቃ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ጉንጯን ከቡሬ ጎን ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። 

"ጥጃው ሕያው ነው" አለች። "ሰኮናውን ስቆነጥጠው እግሩን ሰበሰበ።"

"ተመስገን!" አልኩ።

"ቆይ ጋሼ፣ አልጨረስኩም።" ክንዷን አውጥታ ወደ እህቴ ዞረች። "እናቴ፣ የመጀመሪያው ቀን ከሆነ ቀኗ አልፏል። ጥጃው ውስጥ ሆኖ እየገዘፈ ነው። እየቆየ በሄደ ቁጥር አልወጣም ይላል፤ ሁለቱንም ልናጣ እንችላለን። ዛሬ መርፌ ብወጋት በሁለት ሦስት ቀን ትገላገላለች።"

"ሁለተኛው ቀን ከሆነስ?" አለች እታለም።

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። "ከሆነማ ወር ሲቀረው ማውጣት ነው። አይተርፍም።"

"ታዲያ የቱ ነው?" ብዬ ጮህኩ። "ተምረሽ የለም እንዴ? የቱ ነው በይና!"

"ጋሼ፣ ባውቅ ኖሮ እነግርዎት ነበር።" አልተቆጣችም፤ ይሄ የባሰ አናደደኝ። "ግቷ አልሞላም፣ የጅራቷ ሥርም አልላላም። ይሄ ገና ነው ያሰኛል። ግን ቀኑ አልፎባት እንዲህ የምትሆንም አለች። እኔን ብትጠይቁኝ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። መርፌውን ግን ያለባለቤቷ ፈቃድ አልወጋም።"

እታለም የቡሬን ጎን በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገች። ምን እንዳለ የማይገባው ሰው ቢያያት ላሟን እያባበለች ነው የሚለው። እኔ ግን አውቃታለሁ። ያን ሰዓት በእጇ የያዘችው ላሟን ብቻ ሳይሆን ቤቷን ጭምር ነበር። ጥጃው በመርፌው ከሞተ ትሄዳለች፤ ያለ መርፌው ከሞተም ትሄዳለች።

"ላሜን አውቃታለሁ" አለች በመጨረሻ። "ቀኗ ሁለተኛው ነው። እጠብቃለሁ።"

"እርግጠኛ ነዎት እናቴ?"

"ስሜን ልሳሳት እችላለሁ፤ ይሄን አልሳሳትም።"

እኔማ ደረቴን ነፋሁ! ሐኪሟን ወደ ቤቷ ስመልስ መንገዱን ሁሉ ስለ እህቴ ቆጠራ ለፈለፍኩባት። ልጅቷ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ስትወርድ ብቻ "ምጥ ከጀመራት ግን የትም ሆኜ ጥሩኝ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ለጠላትም አይስጥ። እታለም ምግብ ዘጋት። በረቱ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ትውላለች። ልጇ መጥቶ ያያታል፣ ቡሬን ያያታል፣ ፊቱን ያጠቁራል፣ ይሄዳል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" እያለች ትሸኘዋለች። አንድ ቀን ግን ከሥራ ቶሎ ገብቼ ሳላስበው አየኋት። ጣቶቿን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መሀል ላይ ትቆምና እንደገና ከመጀመሪያ ትጀምራለች። እታለምን በጣት ስትቆጥር አይቻት አላውቅም።

"ምነው?" አልኳት።

"ምን ምነው አለው? ቁርጥማቴ ነው፤ ጣቴን እያፍታታሁ ነው" ብላ ተነሳች። ውሸቷን ነው። ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ። እሷም ከተጠራጠረች ማንን ልጠይቅ?

እሑድ ቀትር ላይ፣ ሁለተኛው ቀን ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቡሬ ጀርባዋን ቆልምማ ቆመች። ተኛች፣ ተነሳች። ጭራዋን አነሳች። ልጁም እኛ ቤት ነበር። እታለም ልክ እንዳየቻት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"ወየው! ሦስት ሳምንት ይቀራታል እኮ! ልታስወርድ ነው! ጥጃዬ ሞተ!"

እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። ሐኪሟን ከምሳ ገበታ ላይ አንስቼ ስመለስ ሁለት የፊት ሰኮናዎች ብቅ ብለዋል። ብቅ ብለው ግን ቆመዋል። ቡሬ ትገፋለች፣ ታቃስታለች፣ ሰኮናዎቹ ንቅንቅ አይሉም። ሐኪሟ እጇን አስገብታ ከንፈሯን ነከሰች።

"ትልቅ ነው። ጭንቅላቱ አላልፍ ብሎ ነው። ገመድ!"

ገመዱ በጥጃው እግሮች ላይ ታሰረ። ልጁ ሸሚዙን አወለቀ። "እሷ ስትገፋ ብቻ ሳቡ፤ ስታርፍ አርፉ!" አለችን። ሳብን። አረፍን። ሳብን። እግሬ ሲያዳልጠኝ፣ ልጁ በትከሻው ሲደግፈኝ፣ እታለም የቡሬን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ "አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ" ስትላት፣ ቡሬ ደግሞ ድምጿ እየደከመ ሲሄድ፣ ሁለቱም አለቁ አልኩ። በልቤ ዕቃ መጠቅለል ጀምሬ ነበር፤ አልዋሽም።

"አንድ ጊዜ ብቻ! አሁን!"

ጭንቅላቱ ወጣ፤ ከዚያ ሁሉም ዘጭ ብሎ ድርቆሹ ላይ ወደቀ። ሴት ጥጃ ናት። አትነቃነቅም። ሐኪሟ ከጥጃዋ አፍ ለሃጩን በእጇ ጠርጋ፣ በኋላ እግሯ አንጠልጥላት አለችው ልጁን፤ አንጠለጠላት። ደረቷን በድርቆሽ አሸች። ጆሮዋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አደረገች። ምንም። ሰንበሌጥ አንስታ አፍንጫዋን ነካካች።

ጥጃዋ አነጠሰች።

የፈጣሪ ያለህ! ከልጁ ጋር እበት በእበት ሆነን ተቃቀፍን። ቡሬ ትንሽ ቆይታ በራሷ ተነሳች፤ ዞራ ልጇን ትልስ ጀመር። ልጁ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ወደ እናቱ ሄደ።

"እሺ እማዬ፣ ረታሽኝ። ስለ ፎቁ አፌን ዘግቻለሁ። እዚሁ ኑሪ።"

"ሰማሽ እታለም? ሰማሽ?" አልኩ እኔ። መዝለል ነው የቀረኝ።

እሷ ግን አልሰማችንም። ጥጃዋ አጠገብ ተንበርክካ ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን በጣቷ ትዳስሳለች። ሁሉም ወጥተው አልቀዋል። ጠጉሯን ወደ ላይ አሻሸችው፤ ረጅም ነው። ሰኮናዋን ጫን አደረገችው፤ ጠንካራ ነው። ከዚያ ቀና ብላ ሐኪሟን አየቻት። ሐኪሟ ዓይኗን ሰበረች።

"ይቺ ያለቀኗ የመጣች አይደለችም" አለች እታለም።

"በሰላም ወጥታለች እናቴ። ዋናው እሱ ነው።"

"ንገሪኝ ልጄ።"

ሐኪሟ ባልዲው ውስጥ እጇን እየታጠበች ነበር፤ አቆመች። "የመጀመሪያው ቀን ነው የነበረው። አልፎባታል።"

 ቡሬ ልጇን መላሷን አላቆመችም።

"አዳቃዩ ነገረኝ፤ ሳቅሁበት" አለች እታለም። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ቢንቀጠቀጥ ይሻለኝ ነበር። "አንቺም ነገርሽኝ። አውቃታለሁ አልኩሽ። ይቺ እዚያ ውስጥ ታፍና መውጫ ስትፈልግ እኔ ደጅ ተቀምጬ ሌላ ቀን እጠብቅ ነበር። የተረፈችው በኔ አይደለም።"

"ኧረ ተይ በፈጠረሽ!" ብዬ ጮህኩባት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ወጣች አይደል? ላሟ ቆማለች አይደል? ልጅሽ ኑሪ ብሎሻል! ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ ራሴን የጠየቅሁት።" ጉልበቷን ይዛ ለመነሳት ሞከረች፤ አቃታት። ልጇ ብብቷን ይዞ አነሳት። እጁን አልለቀቀችውም። "ስንተኛ ፎቅ ነበር ያልከኝ?"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ትቼዋለሁ…"

"ስንተኛ ነው አልኩህ?"

"አራተኛ።"

"ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል?"

"ይገባዋል።"

ራሷን ነቀነቀች። "አንድ ሳምንት ስጠኝ። ጥጃዋ እንገሩን ትጥገብ። ሐኪሟ ደግሞ ለቡሬ ደህና ሰው ትፈልግልኛለች። ከዚያ ና ውሰደኝ።"

ዓመት ሙሉ ነይ ነይ ሲል የኖረው ልጅ ሸሚዙን አንስቶ የእናቱን እጅ ይጠርግ ጀመር። እኔ ደግሞ ከበረቱ ወጥቼ ታክሲዬ ውስጥ ገባሁ፤ መስኮቱን ዘጋሁና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።