ሊያመሰግኑኝ የመጡት እናት

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ካዛንቺስ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

መምህር ነኝ። ከሥራ በኋላ፣ ኢንተርኔት ላይ በአማርኛ ለሚዘጋጅ የዕውቀት መድረክ ያለ ክፍያ እጽፋለሁ፤ የሌሎችንም አርማለሁ። እዚያ የምንጠራራው በብዕር ስም ነው። የእኔ «መዝጋቢው» ነበር። «ቆቅ» የሚባል ወጣት ደግሞ ነበር። መልኩን አላውቅም፤ ግን ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ማለት ይቻላል አብረን ሠርተናል። አጻጻፉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከየአገሩ የተውጣጡ የእንዲህ ዓይነት ሥራ በጎ ፈቃደኞች አዲስ አበባ ላይ እንደሚሰበሰቡ ስንሰማ «በቃ፣ ያን ቀን እንተያያለን» አለኝ።

ጉባኤው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ስለተወለደበት ሰፈር ረጅም ጽሑፍ አስገባ። እዚያው ካዛንቺስ፣ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም የተበተነበት መንደር ነው። የማን ሱቅ የት እንደነበር፣ ውኃ የሚቀዳበት ቦኖ የት እንደነበር ሳይቀር ጽፎታል። ምንጭ ግን አንድም አልጠቀሰም። አጠፋሁት።

«ምንጩ እኔ ነኝ፤ እዚያ ነው ያደግኩት» ብሎ ጻፈልኝ።

«የግል ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። ደንቡን ታውቃለህ» ብዬ መለስኩለት።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ያኮረፈ መሰለኝ።

በጉባኤው መግቢያ ላይ ባጅ የማድለው እኔ ነበርኩ። ደረቴ ላይ የተንጠለጠለው ዋናው ስሜ ነው። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጥቁር የለበሱ እናት ጥበቃውን አስፈቅደው ገቡ።

«የኔ ልጅ፣ ቆቅ የሚባለውን ታውቀዋለህ? እናቱ ነኝ።»

«አውቀዋለሁ እማማ። የት ጠፋ?»

«አረፈ። ዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀኑ።»

ኩላሊቱን ነበር ያመመው። ለእኛ አንድም ቀን ተንፍሶ አያውቅም። ሆስፒታል ተኝቶም በስልኩ ይጽፍ ነበር አሉኝ።

«ለምን ትደክማለህ ስለው፣ የሰፈራችንን ታሪክ ሳላስገባ አላርፍም ይለኝ ነበር። በኋላ ገባልኝ፣ አሁን ሰው ሁሉ ያነበዋል ብሎ ነገረኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።»

ጽሑፉ መጥፋቱን ደብቋቸዋል። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም፤ እግዜር ያጽናዎ ያልኩ ይመስለኛል።

«መዝጋቢው የሚባለው የቱ ነው?» አሉኝ ዙሪያቸውን እያዩ። «ያስተማረኝ እሱ ነው እያለ ሁሌ ያነሳው ነበር። አመስግኜው ልሂድ ብዬ ነው።»

«አልመጣም» አልኩ።

«ስታገኘው፣ እናቱ እግዜር ይስጥልኝ ብላሃለች በለው» ብለው ወጡ። በመስታወቱ አሻግሬ ሳያቸው፣ ዕድሜያቸውን የኖሩበት ሰፈር ውስጥ ቆመው አላፊ አግዳሚውን የታክሲ መያዣ ይጠይቃሉ።

የዚያን ዕለት ጽሑፉን ወደ መድረኩ መለስኩት። ወር ሳይሞላ ሌላ አርታኢ በዚያው ደንብ አጠፋው። ተከራከርኩ፤ እኔ ራሴ ስለው የኖርኩትን መለሰልኝ።

ጽሑፉን በወረቀት አትሜ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የምሰጣቸው ግን አላገኘኋቸውም፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ማጥፋቴ የደንብ ነገር ነው እያልኩ አንዳንዴ ራሴን አጽናናለሁ። «አልመጣም» እንድል ግን ማንም አላዘዘኝም።

እማማ፣ ምናልባት ይህን የሚያነብልዎት ሰው ቢኖር፦ መዝጋቢው ባጅ ሲያድል ያነጋገሩት ሰው ነበር።