የምላጭ ፈተና

ስልኩ ሲጮህ ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ነበር። ቀኝ ጉንጩ ተላጭቷል፤ ግራው ገና በአረፋ እንደተሸፈነ ነው። ታናሹ ምላጩን ሳያስቀምጥ ስልኩን በትከሻው ደግፎ አዳመጠና «እሺ» ብሎ ዘጋው።

«ማነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«እትዬ ናት። ጋሼ አረፈ አለችኝ።»

ልብስ ሰፊው ከነአረፋው ተፈናጥሮ ሊነሳ ሲል ታናሹ ትከሻውን ይዞ መለሰው።

«ቁጭ በል እንጂ፤ ግራው ቀርቷል።»

ላጨው። አንድም ቦታ አልቧጨረውም።

ታናሹ የተባለው ፀጉር ቤቱ የታላቅ ወንድሙ፣ የጋሼ፣ ስለሆነ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቶም ስሙ አልተቀየረለትም። ሲሠራ የኖረው በወንድሙ የሥራ ፈቃድ ነበር። የራሱን ላውጣ ባለ ቁጥር ወንድሙ «እኔ እያለሁ ምን ያደርግልሃል? ደግሞ አንተ ፈቃድ ካወጣህ ወለሉን ማን ሊጠርግልኝ ነው?» እያለ በሳቅ ያሳልፈው ነበር። ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ደግሞ ጊዜው የዚያ ወሬ አልነበረም።

አስከሬኑ ቤት እንደገባ እትዬ፣ የወንድሙ ሚስት፣ ወደ ጓዳ ጠራችው።

«ወንድሜ፣ ጺሙ እንዲህ አድጎ አይሂድ። እሱ እንዲህ ሆኖ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ታናሹ እንደ ልማዱ ውሃ ሊያሞቅ ማንቆርቆሪያውን አነሳ። ትንሽ ይዞት ቆመና መልሶ አስቀመጠው። በቀዝቃዛው ላጨው። «ቀና በል» ቢለው የሚሰማ ሰው ስላልነበረ አገጩን በእጁ እያዞረ ጨረሰ። እንባ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። ምላጩን አጥቦ አደረቀው።

ከቀብሩ በኋላ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ «ይሄ የሟች ነው፤ በራስህ ስም እስክታወጣ በሩ አይከፈትም» አለው። እትዬና ልጆቿ የሚተዳደሩት በዚያ ፀጉር ቤት ገቢ ነው። ለፈቃዱ የሚያስፈልገውን ፈተና ሊወስድ ተመዘገበ። ለፈተናው የሚላጭ ሰው ይዘህ ና ስለተባለ ልብስ ሰፊው ጺሙን አሳድጎ አብሮት ሄደ።

«እኔ ሱሪ ባበላሽ ፈትቼ እሰፋዋለሁ» አለ በሩ ላይ። «አንገት ግን አይጣፍም፤ አደራህን!»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

በመቀሱ አልተቸገረም። ፈታኟ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ወይዘሮ፣ ከኋላም ከጎንም አይታ «እጅህ ያምራል» አለችው። ወደ ምላጩ አለፉ። ታናሹ ብሩሹን ነከረ፣ አረፋውን ቀባ፣ የልብስ ሰፊውን አገጭ ይዞ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ላጨ፤ ወደ ግራ አዞረ። ወንበር ላይ ሲወጣ አፉ የማይዘጋው ልብስ ሰፊ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፍሽ አላለም።

ፈታኟ ጣቷን ሳህኑ ውስጥ ነከረች።

«ይሄ እኮ በረዶ ነው! ማሞቂያው ፊትህ ተቀምጦ? ደግሞስ ሰውየውን አመመህ ወይ፣ ተመቸህ ወይ አይባልም? ቃል እንኳ አልተነፈስክለትም።»

ታናሹ ማሞቂያውን አየው። ሲገባም አይቶት ነበር።

«የመቀሱን አልፈሃል፤ የምላጩን ትደግማለህ» አለችው።

ውጭ ልብስ ሰፊው ጉንጩን እያሻሸ «ምን ነካህ አንተ ሰው? ጥርሴ ሊንቀጫቀጭ ምንም አልቀረው። ላንተ ብዬ ነው የቻልኩት» አለ።

«ከጋሼ በኋላ ማንንም አላጨሁም ነበር።»

ልብስ ሰፊው እጁን ከጉንጩ አወረደ። ጥቂት እንደሄዱ «ጺም እንደሆነ ያድጋል» አለ። «ዝግጁ ስትሆን ንገረኝ።»

የልብስ ሰፊው ጺም አድጎ፣ ሰውየው ሌላ ቦታ ሄዶ ተላጭቶት፣ እንደገና አድጓል። እትዬ «ከምን ደረሰልህ?» ስትለው ታናሹ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ይላታል። ፀጉር ቤቱ እንደተዘጋ ነው። ለድጋሚው ፈተና እስካሁን አልተመዘገበም።