የሐዋ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ጎጆውን ሲከድን ከጣሪያ ወደቀ። በምርኩዜ እያዘገምኩ ስደርስ ሁለት ጎረምሶች ብብቱን፣ ሌሎች ሁለት ቁርጭምጭሚቱን ይዘው ሊስቡት ተዘጋጅተዋል። «ልቀቁት» ያልኩበት ድምፅ እኔኑ አስደነገጠኝ። ሰውየው የተጎዳው ጎኑን ብቻ ነበር፤ አሁን ደህና ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አሳቤ ሁሉ ከአባይ ማዶ፣ ከወርቁ አገር ከመንጌ ነው፤ ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ክረምት የከረምኩበት አገር።

ሀያ ዓመቴ ነበር። አባቴ ስሙ በጎጃም የታወቀ ወጌሻ ነበርና እጁ የወለቀ፣ እግሩ የተሰበረ ሁሉ ከሦስት ቀን መንገድ ይመጣበታል። እኔም ከእሱው ተማርኩ። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለኝ። ጀርባው የተጎዳ ሲመጣለት አባቴ ወገቡን በጉልበቱ ተጭኖ፣ ሰዎች ከላይና ከታች እንዲስቡት ያደርግ ነበር። አንዳንዱ ተነሥቶ ይሄዳል። አንድ ገበሬ ግን እግሩን እያንቀሳቀሰ መጥቶ፣ ከተሳበ በኋላ በቃሬዛ ተመለሰ። አባቴ «የእግዜር ቁጣ ነው» አለ። እኔ ለማንም ሳልናገር፣ ፍየል በታረደ ቁጥር አከርካሪውን እየለመንኩ አንጓ በአንጓ እፈታ ጀመር። ውስጡ ከትንሽ ጣት የሚቀጥን፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነጭ ገመድ አለ። አጥንቱ በቦታው ሳለ ይጠብቀዋል፤ ሲንሸራተት ግን ያው ጠባቂው ይቆርጠዋል። በፍየል ደጋግሜ አየሁት። በሰው ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

በዚያ ዓመት ከነጋዴዎች ጋር አሞሌ ጭነን፣ ወርቅ ልንገዛ አባይን ተሻግረን ወረድን። የበጋው ማለቂያ ነበር፤ ሽመል የሚሉት የቆላ ቀርከሃ ጫካ ደርቆ ነፋስ ሲነካው ይንቋቋል። የደጋው ጦር አገሩን ከወጋ ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበር የደጋ ሰው በጥርጣሬ ነው የሚታየው። ይሁን እንጂ የአንድ ተሸካሚ ትከሻ ወልቆ ብመልስለት ስሜ በገበያው ተሰማ። ለመመለስ ጭነት በምናጠብቅበት ጠዋት ኸሊፋ የሚባል የወርቅ ነጋዴ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ሐዋ ወርቅ ስትቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶ ጀርባዋ ላይ ወድቋል።

ስደርስ ሐዋ ከጉድጓዱ ወጥታ በሆዷ ተኝታለች። አታለቅስም። እናቷ ዘይነብ ግንባሯን ይዛለች፤ ዘመዶቿ ሊስቧት ከራስጌና ከግርጌ ቆመዋል። ኸሊፋ አማርኛውን የለመደው በገበያ ነው።

«ሳብ» አለኝ። «የሰውዬው ትከሻ ስበህ ድኗል። ሐዋም ይድናል።»

እንደማልስብ፣ መጀመሪያ ልዳስሳት እንደሚገባ ነገርኩት። እጄን ስዘረጋ ግን ወንድሞቿ መሐል ገቡ። ባዕድ ወንድ፣ ያውም የደጋ ክርስቲያን፣ ገላዋን አይነካም። ታላቅየው ጦሩን ከመሬት ነቀለ።

እጁን የተከለከለ ወጌሻ ምን ያደርጋል? በመጨረሻ ኸሊፋን ልብሱን አውልቆ ከሚስቱ አጠገብ በሆዱ እንዲተኛ ጠየቅሁት። ግራ እየገባው ተኛ። ዘይነብን በምልክት ጠርቼ ጣቴን ከባልየው ማጅራት ሥር ባለችው ጉብታ ላይ አሳረፍኩ፤ እሷም በልጇ ጀርባ ላይ እንዲሁ አደረገች። አንድ አንጓ ወረድኩ፤ እሷም ወረደች። በእጄ ያለው የጤነኛ ጀርባ ነው፤ ሕመሙን የሚያገኙት የእሷ ጣቶች ናቸው። ስለዚህ ዐይኔን ከፊቷ ላይ አልነቀልኩም። ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ ጣቷ ቆመ። ሐዋ ትንፋሿን ዋጠች። ዘይነብ ቀና ብላ አየችኝና አውራ ጣቷን ወደ ጎን አንሸራተተች፤ አንጓው ከመስመሩ ወጥቷል ማለቷ ነበር።

እግሮቿን እንድትቆነጥጥ አመለከትኳት። ግራው ሸሸ። ቀኙ ንቅንቅ አላለም።

«ግራ እግሯ ሕያው ነው» አልኩት ኸሊፋን። «ከሳብናት እሱም ይሞታል።»

«ካልተሳበስ ይድናል?»

«አላውቅም።»

ተነሥቶ ልብሱን ለበሰ። «እንግዲያው አንተ አትሄድም። ሐዋ እስኪነሣ እዚህ ነህ። ካልተነሣ...» አልጨረሰውም።

ሽመል አስቆርጬ፣ በልጥ አጣምሬ ጠንካራ ቃሬዛ ሠራሁ። ስድስት ሴቶች ገላዋ ሳይጣመም በአንዴ አንሥተው ጫኗት። ወደ ቤታቸው መንገድ ስንጀምር ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ቁልቁለቱን ስንወርድ ዝናቡ ጣለ፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ አዳለጠውና ቃሬዛው ዘመመ። ከሥር ገብቼ በትከሻዬ ደገፍኩት። ታላቅ ወንድሟ ጦሩን ጥሎ በወዲያ በኩል ያዘ። ከዚያ ወዲያ ጦር አላነሣብኝም።

ባልደረቦቼ በማግስቱ ሄዱ፤ አባይ ሞላ፤ እኔ ቀረሁ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ፣ የሽመል እንቡጥ ቅቅል መብላት ለመድኩ። ዘይነብ በየጠዋቱ ከጎጆው ስትወጣ ፊቷን አያለሁ፤ የለም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ወንዙ ባይሞላ ኖሮ አልጠፋም ነበር ብዬ አልምልም። ነሐሴ ገብቶ አንድ ጠዋት ግን ራሷን አልነቀነቀችም። እጇን አንሥታ አውራ ጣቷን አጠፍ ዘርጋ አደረገች። የሐዋ ቀኝ እግር አውራ ጣት ተንቀሳቅሶ ነበር።

ማሽላው ሲያሽት ሐዋ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ወጣች። ቀኝ እግሯን ትጎትታለች፤ ግን ሄደች። ኸሊፋ ፊቱን ወደ ጓሮ መልሶ፣ መንገዱ አሁን ክፍት መሆኑን ነገረኝ። ሐዋ ያን ሁሉ ወር አንድ ቃል ሳታናግረኝ ከርማ፣ ከባሏ የተማረችውን አማርኛ ተናገረች፤ «ደህና ሂድ፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጀርባ አይቻለሁ፤ አንዱንም አልሳብኩም። አንዳንዱ ተነሥቷል፤ አንዳንዱ ሳይነሣ ሞቷል። ታሪኩን የሰሙ ሁሉ ሐዋን እንዳዳንኳት ይናገራሉ። እኔ የማስበው ያንን የሚጎተት እግር ነው። ኸሊፋ በረጅሙ፣ በሜዳው መንገድ እንሂድ ብሎኝ ነበር፤ ዝናቡን ፈርቼ ቁልቁለቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቃሬዛው ሲዘም ሐዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። እግሯን የጎዳው አፈሩ ብቻ ይሁን፣ ያች ቅጽበትም ትጨመርበት አላውቅም። ለወጣቶቹ ጀርባ እንደማይሳብ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። የመንገዱን ነገር ግን ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።