ዓይኔን ግንባር ያድርገው

አማቴ ሱሉልታ ላይ ወተት ይሸጣሉ። ወተቱ ውሃ አልነካውም ሲሉ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብለው ይምላሉ። ዝናብ እንደሚመጣም ይምላሉ፣ ላሚቱ ጥጃ እንደምትወልድም ይምላሉ። ያን ሁሉ ምለው ዓይናቸው ግንባር ሆኖ አያውቅም፤ እኔም በዚህ እስቅ ነበር።

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል የባሌ እህት ተዳረችና ከቡራዩ ተነሥተን ሱሉልታ ለሠርግ ሄድን። ልጄን አያቷ ጭን ላይ እንደተቀመጠች በስልኬ አነሣኋት። ፍላሹ የአያቷን ዓይኖች ቀይ አደረጋቸው፤ የልጄም ቀኝ ዓይን ቀላ። ግራው ግን እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ አበራ። ደግሜ ባነሣትም ያው ነው። ደነገጥኩና ስልኩን ለአማቴ ሰጠኋቸው።

ሳቁ። «ኢጃ ኮ!» አሏት፤ በኦሮምኛ «ዓይኔ» ማለት ነው፣ ሁልጊዜም የሚጠሯት እንዲያ ነው። ወደ እኔ ዞረው «ይሄማ ከአባቷ የመጣ ነው። እሱም ሕፃን ሳለ እሳት ዳር ሲቀመጥ አንድ ዓይኑ ያበራ ነበር። ሲያድግ ተወው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አሉ።

አመንኳቸው። አባቷ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ በደህና ዓይኑ ሰው ጭኖ ይውላል። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይመጣል?

ቆይቶ ዓይኗ መንሸዋረር ጀመረ። «ስታድግ ይለቃታል» አሉ አማቴ። ክረምቱ ሲወጣ ዓይኗ ቀላ፣ አበጠ። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨመቁላት። ልጄ ከሕመሙ የተነሣ ራሷን ከግድግዳ ጋር ስታጋጭ ሳይ የማንንም ምክር መስማት ተውኩና አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ባሌም አማቴም አብረውን መጡ።

ዶክተሯ ጠብታ አድርጋ ብሌኗን ካሰፋች በኋላ ብዙ አየቻት። ካንሰር ነው አለች። እኔ ካንሰር የሽማግሌ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ብሌን ጥቁር የሚመስለው ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ነው፤ ነጭ ካበራ ከኋላው ብርሃኑን የሚመልስ ነገር ቆሟል ማለት ነው ብላ አስረዳችኝ። ልጄ ዓይን ውስጥ የቆመው ዕጢ ነበር።

«በነርቩ በኩል አንጎሏ ከመግባቱ በፊት ዓይኗ መውጣት አለበት» አለች። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ምናልባት ዓይኗንም እናተርፈው ነበር። ከቤተሰቡ እንዲህ የሆነ ሰው አለ?»

«አባቷ» አሉ አማቴ። መሐላውንም ጨመሩበት።

ዶክተሯ ባሌን አስቀምጣ ዓይኑን መረመረችው። ጠባሳ አገኘች። እሱም ላይ ዕጢው በቅሎ ኖሯል፤ ብዙ ጊዜ የማይገጥም ነገር ነው እንጂ በራሱ ጊዜ ቆሞ፣ ደርቆ ቀርቷል። ለልጁ ያወረሰው ግን አልቆመም።

አማቴ አልዋሹም። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ዋሽተው ቢሆን የእጃቸውን ይስጣቸው ብዬ እተወው ነበር። እውነታቸውን ማሉ፣ ግንባር የሆነው የልጄ ዓይን ነው። የሳቸው ሁለቱም አለ፤ ያለ ማንም እርዳታ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ያስገቡበታል።

ልጄ ተርፋለች፤ አሁን አምስት ዓመቷ ነው። ሰው ሠራሽ ዓይን ተደርጎላታል፤ አቧራ ሲገባበት አውጥቼ አጥብላታለሁ። የቀረው ዓይኗ ላይ እንዳይነሣ በየጊዜው ትመረመራለች። የሰፈር ልጆች «አንድ ዓይና» ይሏታል።

ባለፈው እሑድ አማቴ ወተት ይዘው ቡራዩ መጡ። ልጄ ከጓዳ ወጣች፤ ከንፈሯ ላይ ስኳር አለ። ስትዋሽ ምን ብላ እንደምትምል አውቃለሁ፤ ከማን እንደተማረችውም አውቃለሁ። አልከለክላትም። አያቷ እስኪቀመጡ ጠበቅኩና «ስኳሩን ማን ነው የበላው?» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም!» አለች፤ ጣቷን ሰው ሠራሹ ዓይኗ ላይ አድርጋ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «ልጄ፣ በማርያም» አሉኝ፤ ድምፃቸው አይሰማም።

«አያትሽ አልሰሙሽም» አልኳት ልጄን። «ጮክ በዪና ድገሚላቸው።»