የትራንስፎርመሩ ዋንዛ

ወሬው የደረሰኝ ከቅዳሴ ስወጣ ነው። ባለቤቴ እዚህ ጅግጅጋ ሥራ ይዞ ከመጣን ወዲህም ያልተውሁት ልማድ አለኝ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተሳልሜ ሳልወጣ ስልኬን አልከፍትም። ደጃፉ ላይ ብከፍተው የታናሽ ወንድሜ ድምፅ ጠበቀኝ፤ «እታለም፣ የአባባ ዋንዛ አለቀለት። ሕግ ወጣበት» ይላል።

በዛፍ ላይ ሕግ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ደውዬ ብጠይቀው ነገሩን አስረዳኝ። የየአካባቢውን የኤሌክትሪክ መስመር ደኅንነት የሚያጠናክር ሕግ ወጥቶ፣ ባደግሁበት በዘንዘልማ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ተነቦለታል። ሽቦ የቆረጠ፣ ትራንስፎርመር የነካካ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀዋል። በመስመሩ ሥርና በትራንስፎርመሩ ዙሪያ ዛፍ መትከልም ክልክል ነው፤ የተተከለውም ይነሣል። የኛ ዋንዛ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ተደግፎ ቆሟል ማለት ይቻላል።

የተከለው አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ሰፈራችን ገና ከእርሻነት ወደ መንደርነት ሲለወጥ ሌቦች የትራንስፎርመሩን ዘይት ቀድተው ወሰዱና በጨለማ ከረምን። መብራቱ ሲመለስ ሰፈሩ ተራ ገብቶ መጠበቅ ጀመረ። ተራው የራሱ ወግ ነበረው። በረመዳን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለማፍጠር ሲገቡ የኛ ሰው ይተካቸዋል፤ በጥምቀት እኛ ታቦት ስንሸኝ ደግሞ እነሱ ይወጣሉ።

አባቴ አብዛኛውን ጊዜ ተራው የሚገጥመው ከወረታ መጥተው ሱቅ ከከፈቱት ጎረቤታችን ጋር ነበር። ቀን የሚጠብቀውን ሰው ፀሐይ እንዳይመታው ብሎ ከጓሯችን የዋንዛ ችግኝ ነቅሎ ሲተክል፣ ጎረቤታችን ቆመው አዩት።

«ጌታው፣ ይህ የሚተክሉት ጥላ ነው ወይስ የሌባ መሰላል?» አሉት።

«ሌባውም ቢመጣ አረፍ ብሎ ያስብበት» አለ አባቴ።

እውነቱን ለመናገር ጎረቤታችን ልክ ነበሩ። ዋንዛው አድጎ ሽቦው ላይ ደረሰ። ከጣና ነፋስ በተነሣ ቁጥር ቅርንጫፉ ይነካውና ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ሰፈሩ ድርግም። መብራት ለሚጠብቅ የተተከለ ዛፍ መብራት ማጥፋት ጀመረ። ማንም ግን አልተቀየመበትም፤ «ዛሬም አባትሽ አጠፉብን» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር እንጂ። አባቴ ካረፈ ወዲያ ቀልዱም ቀረ፣ ቅርንጫፉን ለመመልመል የሚደፍርም ጠፋ። እናቴ ሠርክ ሲሆን ዳዊቷን ይዛ፣ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ሥር ትቀመጣለችና።

በሕጉ ቅር አልተሰኘሁም፤ በጨለማ የከረመ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። የጨነቀኝ የእናቴ ነገር ነው። ያንን ዛፍ ከፊቷ ሲያነሡት በምን ትጽናና?

ወንድሜ እንዳጫወተኝ፣ በስብሰባው የዋንዛው ነገር ሲነሣ፣ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ባለቤቴ ይጠብቅ የነበረው መብራቱን ነው፤ ዛፉን አይደለም። ቁረጡት» አለች።

ጎረቤታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ አሉ። ከዚያም ከግንዱ አግዳሚ ወንበር ይሠራና ተረኛው ይቀመጥበት ብለው ጠየቁ። ሰውም በአንድ ቃል ተስማማ።

ሰሞኑን ተቆርጧል። እናቴን ደውዬ እንዴት ሆንሽ ብላት፣ «ምን እሆናለሁ ልጄ፣ ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ መቼ አየሁት» አለችኝ። እናቴ፣ እኔ ርቄ እንዳላዝን ስትል፣ ትንሽ ትንሽ ትዋሻለች፤ እግዜር ይቅር ይበላት።

የዘንዘልማ ጎረቤቶቼ፣ እናንተ ግን እዚያው ነበራችሁ። ዋንዛው ሲወድቅ እናቴ የት ቆማ ነበር? ብቻዋን ከነበረችም አትደብቁኝ። አጠገቧ የቆመ ሰው ካለ ደግሞ ስመ ክርስትናውን ላኩልኝ፤ ሙስሊምም ከሆነ መጠሪያ ስሙ ይበቃኛል፣ በጸሎቴ ላስበው።