የተፈጨው ኮረብታ

ያ ኮረብታ ስም አልነበረውም። በ1969ኙ የሶማሊያ ጦርነት በካርታችን ላይ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ከድሬዳዋ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ «ሐዲዱ እንዳይቆረጥ።»

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መድፍ ጀመረ። ሦስት ሰዓት ላይ የሶማሊያ ታንክ መጣ። ሁለት ጊዜ መለስናቸው። መትረየስ ተኳሹ ዓለሙ፣ የሐሙሲት ልጅ፣ «ጥይት አቀብለኝ» አለኝ፤ ሳቀብለው ወድቋል። ቀትር ላይ ሐዲዱ በእጃችን ነበር። ዘጠኝ ጓዶቻችንን ኮረብታው ወገብ ላይ ቀበርን። እኔ እግሬን ተመትቼ ወደ ኋላ ተላክሁ።

ዘንድሮ የዓለሙ እህት ወይዘሮ ጥሩዬ ባሕር ዳር ቤቴ ድረስ መጡ። «እኔ ጉልበት የለኝም፤ እርስዎ መቃብሩን ይዩልኝ» አሉኝ። ልጆቼ ሥራ ላይ ናቸው፤ ብቻዬን ተነሣሁ። እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር። የተመታው እግሬ ተቀምጦ መዋል አይችልም፤ መስኮቱን ተደግፌ ቆምሁ። አዋሽን ስናልፍ አንዲት የማላውቃት ሴት ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከድሬዳዋ ባጃጅ ይዤ ደረስሁ። ኮረብታው ግማሹ የለም። ድንጋይ መፍጫ ተክለውበታል።

«እዚህ መቃብር አለ!» ብዬ ጮኽሁ።

ኃላፊው ከወንበሩ አልተነሣም። «ማስረጃ አለዎት፣ አባባ?»

ማስረጃ! ሱሪዬን ሰብስቤ ጠባሳዬን አሳየሁት። ሳቀ። ከዘራዬን አነሣሁ፤ ጥበቃዎቹ ያዙኝ። በጦርነቱም ቢሆን እንደዚያ ቀን ሰው መምታት አምሮኝ አያውቅም።

ገፍተው ካስወጡኝ በኋላ የማሽኑ ሾፌር ሮጦ ደረሰብኝ። «አጥንት ሲወጣ ጣለው አሉኝ፤ አልጣልኩም» አለና አጥንቱን ወደቀበረበት አንድ ግራር ሥር ወሰደኝ።

«የስንት ሰው ነው?»

«እንጃ አባባ፤ ተደባልቋል።»

ዘጠኙንም በስማቸው ጠራኋቸው። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

ሐሙሲት ሄጄ ለወይዘሮ ጥሩዬ ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። ብዙ አለቀሱ። «ከጓደኞቹ አልተለየም ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። እሳቸው በዚህ ተጽናኑ፤ እኔ አልተጽናናሁም። ለሦስት ቢሮ አቤት ብያለሁ፤ የመለሰልኝ የለም።

የቀበርናቸው ዘጠኝ ነበሩ። የስንቱ አጥንት ከግራሩ ሥር እንዳለ፣ የስንቱ ከጠጠር ጋር ተፈጭቶ መንገድ ላይ እንደተነጠፈ የሚያውቅ የለም። በዚያ መንገድ የምትሄዱ ልጆች፣ ይህን እወቁ።