ጋሽ ባዩ ስንት ያነሳሉ?

የደብረ ታቦር እህል ነጋዴ ጋሽ ባዩን የሚያውቃቸው በትከሻቸው ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ኩንታል ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው፣ መጋቢት ላይ ወገባቸውን ያዛቸውና ሰባት ወር ቤት ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ምኞታቸው አንድ ነው፤ ወደ ጓደኞቻቸው መመለስ። የጫኞቹ አለቃ ይሻው፣ የሃምሳ ኪሎውን ጆንያ ካነሱ ቦታቸው እንዳለ ነው ብሏቸዋል። እሳቸውማ በማግስቱ ሄደው ሊሞክሩት ነበር።

ያገደቻቸው ልጃቸው ፋሲካ ናት። ስፖርት ሳይንስ ተምራ ተመርቃለች፤ ሥራ ግን ገና አልቀናትም። ጉልበትን ለማወቅ ከከባዱ ጋር መታገል አያስፈልግም፣ ቀለል ያለውን አቅም እስኪያልቅ ደጋግሞ አንስቶ፣ በአንዴ የሚቻለውን ትልቁን ኪሎ ማስላት ይበቃል አለቻቸው። በብረት ቱቦ ጫፍና ጫፍ የመኪና ቸርኬ ሰክታ አርባ ኪሎ አዘጋጀች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጓሮ ወጡ።

አራት ጊዜ አነሱ። በአምስተኛው ብረቱ ከመሬት አልላቀቅ አለ። ፋሲካ በተማረችው ቀመር ኪሎውን በአራት አባዝታ፣ ለሠላሳ አካፍላ፣ የወጣውን አርባው ላይ ደመረች። አርባ አምስት። ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም።

ጋሽ ባዩ ምክንያቱን ያውቁታል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ለእሷ ሥራ እንዲገኝላት ብለው ጽጌን እየጾሙ ነው፤ የፈቃድ ጾም ደግሞ አይወራም። ዝም ካሉ ግን ቦታቸው ሊቀር ነው።

ውሃ ብታቀርብላቸው ኋላ እጠጣለሁ አሉ። ፋሲካ ኩባያውን እንደያዘች ቆመች።

«አባየ፣ ጽጌን ይዘዋል እንዴ?»

«አንቺ ሒሳብሽን ሥሪ።»

«የራበው ሰው ጉልበት ምኑ ይሠራል? ለመሆኑ ለማን ብለው ነው?»

ጥያቄዋን ሳትጨርስ ገብቷት ኖሮ፣ ፊቷን አዞረች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በልተው፣ ዐረፍ ብለው፣ እንደገና ሞከሩት። ስምንት ጊዜ። ሃምሳ ከትንሽ ሆነ። ጋሽ ባዩ ጋቢያቸውን እያነሱ ሰኞ እሄዳለሁ አሉ።

«ሃምሳው እኮ አንዴ የሚያነሱት ነው» አለች ፋሲካ። «እዚያ በቀን መቶ ጊዜ ነው የሚያነሱት።»

ወረቀት ላይ የልምምድ ዕቅድ ጻፈችላቸው። ከሠላሳ ኪሎ ይጀምራሉ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እህል ቀምሰው። እስከ ጥምቀት ጆንያ የሚባል አይነካም። ጋሽ ባዩ ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። ሦስት ወር ለእሳቸው ሩቅ ነው።

«እንግዲያው ለይሻው አንቺው ንገሪልኝ» አሉ በመጨረሻ። «አሰልጣኜ አልለቀቀችኝም ይላል በይው።»